ለክርስትና የጠመቅኩት ጠላ ከመጠን በላይ ጠነከረ፤ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። የልጅ ልጄ ክርስትና በመጪው እሑድ ነው። ጠላውን እንደ ሌላ ጊዜ በጋን ሳይሆን በፕላስቲክ በርሜል ጠመቅኩት። ብቅሉን ከለመድኩት አበዛሁ፤ መፍላቱ ስለዘገየብኝም በጎረቤት ምክር 2 ኪሎ ስኳር ጨመርኩበት። ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ 40 ሊትር ያህል አጠለልኩ። ባለቤቴና ወንድሙ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ከመቀመጫቸው መነሣት አቃታቸው። ጣዕሙ ግን መጥፎ አይደለም። ውኃ ልጨምርበት? ላፍላው? አንዷ ጎረቤቴ ክዳኑን ክፈቺና ተዪው፣ ይለዝባል ትላለች፤ ሌላዋ እንዲህ ያለ ጠላ ዓይን ያጠፋል ብላ አስፈራራችኝ። ድፍድፉ ገና በርሜሉ ውስጥ ነው። ወይስ ሁሉንም ልድፋው?

ምላሽ፦ እንኳን ለልጅ ልጅዎ ክርስትና በሰላም አደረሰዎ። ጠላውን አይድፉት። አያፍሉትም፣ ክፍቱንም አይተዉት። ጣዕሙ ደህና ከሆነ በእጅዎ ያለው የተበላሸ ጠላ ሳይሆን ያልቀጠነ ጠላ ነው፤ ቀጭን ነገር ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፣ ድፍድፉ በርሜሉ ውስጥ አለልዎት። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሥራው ሁለት ነው፦ መጀመሪያ ምን ያህል እንደጠነከረ መለካት፣ ቀጥሎ በልኩ ማቅጠን። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዘልሎ በግምት ውኃ ይገለብጥበታል፤ ያኔ ወይ ጠላው ውኃ ውኃ ይላል፣ ወይ አሁንም እንግዳውን ይጥላል።

ከመለካቱ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ሰው ጠላውን «ጠንካራ ነው» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊናገር ይችላል። ጌሾ ሲበዛ ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት ይሰጣል፤ ሰው ፊቱን ያኮሳትራል እንጂ አይሰክርም። ጠላ ሲቆይ ይኮመጥጣል፤ አፍ ውኃ ይሞላል፣ ጥርስ ያልጋል፣ ይህም አያሰክርም። አልኮል ግን ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮና ደረት ላይ ሙቀት ይተዋል፣ ትንሽም ጣፋጭ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ሳይታወቅ የሚጠጣው። የባለቤትዎና የወንድማቸው ነገር የሦስተኛው ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ካለው ግን በከፍተኛ ሙቀት ፈልቷል ማለት ነው፤ ሽታው ቀላል ከሆነ ሲቀጥን ይቀንሳል፣ አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ግን ለእንግዳ አይቀርብም። ከላዩ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለበት፣ ወይም ብቅሉና ቂጣው ሲገቡ ሻግተው ከነበረ፣ ማንበቡን እዚህ ላይ ያቁሙና ይድፉት። የሻጋታን መርዝ ውኃ አያጠፋውም፣ ማፍላትም አያጠፋውም።

ስለ ዓይን የተባለው ነገር እንቅልፍ እንዳይነሣዎ በግልጽ ልንገርዎ። ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል የሚባለው ሌላ ዓይነት አልኮል ነው። በእርሾ ከፈላ መጠጥ ውስጥ ሜታኖል የሚገኘው በዋናነት ከፍራፍሬ ሲሆን፣ ከገብስ፣ ከበቆሎና ከዳጉሳ በሚጠመቅ ጠላ ውስጥ ለጉዳት የሚበቃ መጠን አይፈጠርም። ጠላው 5 በመቶ ሆነ 9 በመቶ ይህ አይለወጥም። በየአገሩ በጅምላ ሰው የሚያልቅበት መመረዝ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ለፋብሪካ ሥራ የተዘጋጀ አልኮል መጠጥ ውስጥ ሲቀላቀል ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ከብቅል፣ ከእህል፣ ከጌሾ፣ ከውኃና ከስኳር ሌላ የገባበት ነገር አለ? «ይጠንክርልሽ» ብሎ ከጠርሙስ አልኮል ያፈሰሰበት ሰው ካለ ያለ ምንም ክርክር ይድፉት። ከሌለ ዓይንን በተመለከተ አይስጉ። ጠላውን ወደ አረቄ ለማውጣት የሚመክርዎ ሰው ካለም አይስሙት፤ የችግርዎ መነሻ የአልኮል መብዛት ሆኖ ሳለ አልኮሉን የበለጠ ማጠራቀም መፍትሔ አይሆንም፣ ሲወጣ የሚተነው አልኮልም በእሳት ዳር በቀላሉ ይነዳል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ከጻፉልኝ ውስጥ ትልቁ ጥፋተኛ ስኳሩ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ የገባ 17 ግራም ስኳር እርሾ ሙሉ በሙሉ ሲበላው 1 በመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል። 2 ኪሎ ስኳር በ40 ሊትር ላይ ሲከፈል በሊትር 50 ግራም ይደርሳል፤ ይህ ብቻውን ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። ድፍድፉ ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ብንቆጥር ትንሽ ያንሳል፣ ግን ያው ነው። ከወንጂ እስከ አዳማ ስኳር ለእጅ ቅርብ ስለሆነ ይህ ልማድ በአካባቢያችን እየሰፋ መጥቷል፤ እኔ አልወደውም። ስኳር ለጠላ መዓዛም ክብደትም አይጨምርለትም፣ የሚጨምረው ስካር ብቻ ነው። ደግሞ መፍላቱ የዘገየው ምግብ አንሶት አልነበረም። ጥንስሱ ላይ እርሾው ገና አልበዛም ነበር፤ ሁለት ቀን ቢታገሡት ራሱ ይነሣ ነበር።

ብቅሉ የራሱን ድርሻ አድርጓል። የእህሉ ስታርች ለእርሾ የሚሆን ስኳር የሚሆነው በብቅሉ ኃይል ነው። ብቅል ሲበዛ ከቂጣውና ከእንኩሮው ውስጥ በሌላ ጊዜ ሳይፈጭ አተላ ሆኖ የሚወጣው ስታርች እንኳን ወደ ስኳር ይለወጣል። አንድ ኪሎ እህል በ10 ሊትር ውኃ ውስጥ ምንም ሳይባክን ቢለወጥ ከ4 በመቶ ብዙም የማይበልጥ አልኮል ይሰጣል፤ በቤት ጠላ ግን በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያነሰ ነው። ብቅል ሲጨመር ይህ ብክነት ይቀንሳል። በርሜሉም አለበት። ጋን በሸክላው ቀዳዳ ውኃ ስለሚያልብ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ግን ድፍድፉ ሲፈላ የሚያወጣውን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በአዳማ ቀትር፣ ውስጡ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሙቀቱ መፍላቱን ያፋጥናል፣ በማግስቱ ራስ ያሳምማሉ የሚባሉትን ከባድ አልኮሎችም ያበዛል። በዚህ አጋጣሚ፦ በርሜሉ ከዚህ በፊት ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት ከሆነ ስለ ጥንካሬው የምንነጋገረው ሁሉ ዋጋ የለውም። ለምግብ የተሠራ መሆኑን እርግጠኛ ይሁኑ።

መለኪያው እንግዲህ ይኸውና። ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ ባለ 2 ሊትር የውኃ ሃይላንድ፣ ድስትና ትዕግሥት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አልኮል ከውኃ ይቀልላል። ከጠላው ላይ አልኮሉን አባርረን በቦታው ውኃ ብንተካ፣ ክብደቱ የሚጨምረው በነበረው አልኮል ልክ ነው።

ጠላውን በንጹሕ ጨርቅ ያጥሉ፤ ከዚያ ከዕቃ ወደ ዕቃ ደጋግመው እየገለበጡ ጋዙን ያስወጡት፣ አረፋ ካለው ልኬቱ ይሳሳታል። በሃይላንዱ አንገት ላይ፣ ቀጭኑ ቦታ ላይ፣ በማርከር መስመር ያስምሩ። ጠላውን እስከ መስመሩ ሞልተው ይመዝኑና ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ አንድ ጠብታ ሳይቀር ወደ ድስት ገልብጠው፣ መስኮት ከፍተው፣ ክዳን ሳያደርጉ ግማሹ እስኪቀር ያፍሉት። እንዳይገነፍል አጠገቡ ይቁሙ፤ የገነፈለ ልኬት ከንቱ ነው። ይውረድና ሌሊቱን ይቀዝቅዝ። ጠዋት ወደ ሃይላንዱ ይመልሱት፣ ድስቱን በትንሽ ውኃ አለቅልቀው እሱንም ይጨምሩ፣ እስከ መስመሩ በንጹሕ ውኃ ይሙሉና እንደገና ይመዝኑ። የሁለቱ ክብደት ልዩነት መልስዎ ነው። ለ2 ሊትር 9 ግራም ልዩነት 3 በመቶ ነው፤ 14 ግራም 5 በመቶ፤ 17 ግራም 6 በመቶ፤ 22 ግራም 8 በመቶ፤ 27 ግራም 10 በመቶ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ በሁለቱም ጊዜ ፈሳሹ በእኩል ሙቀት ላይ መሆን አለበት። የ5 ዲግሪ ልዩነት ውጤቱን ወደ 1 በመቶ በሚጠጋ ያዛባዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ሚዛን ማልዶ፣ ዕቃው ቤት ውስጥ ካደረ በኋላ ማድረጉ ይሻላል። ለቢራ የሚሠራ ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሽ ላይ ተንሳፎ ጥግግቱን የሚለካ መሣሪያ፣ አለኝ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያ መሣሪያ ብቻውን ለጠላ አያገለግልም። ቢራ ፋብሪካ ስኳሩን አስቀድሞ አውጥቶ፣ ለክቶ፣ ከዚያ ነው የሚያፈላው። በጠላ ግን ቂጣው ወደ ስኳር የሚለወጠውና ስኳሩ ወደ አልኮል የሚለወጠው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ በርሜል ውስጥ ነው፤ መነሻው ስለማይታወቅ መድረሻው ብቻ ምንም አይነግረንም።

ከነገሩኝ ተነሥቼ የእርስዎ ጠላ ወደ 8 በመቶ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። የሚከተለውን ስሌት በዚህ ግምት እሠራለሁ፤ የእርስዎ ሚዛን ሌላ ቁጥር ካመጣ ቁጥሩን ብቻ ይቀይሩ።

ወደ ማቅጠኑ ከመሄዴ በፊት ጎረቤቶችዎ ስለመከሩት ነገር። ክዳኑን ከፍቶ መተው አልኮሉን አያበርረውም። አየር ሲገባ የሆምጣጤ ባክቴሪያ ይነሣና አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል፤ በእርግጥ አልኮሉ ይቀንሳል፣ ግን እሑድ ለእንግዳ የሚያቀርቡት ጠላ አይኖርዎትም። ማፍላትም እንዲሁ ነው። አልኮል ከውኃ ቀድሞ ቢተንም ብቻውን ተለይቶ አይወጣም፤ አብዛኛውን ለማባረር ለመለኪያው እንዳደረግነው ግማሹን ማትነን ያስፈልጋል። የሚቀረው የበሰለ ስታርች፣ የተቀቀለ ጌሾና የሞተ እርሾ ነው። ለመለኪያ ያፈሉትን ቢቀምሱት ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዎታል። ስኳር ጨምሮ ማጣፈጥ ከሁሉም የባሰ ነው፤ እርሾው ገና በሕይወት አለ፣ ብቅሉም ኃይሉን አልጨረሰም፣ ስኳሩ እስከ እሑድ ወደ ተጨማሪ አልኮል ይለወጣል። በተከደነ ጀሪካን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጋዙ ጀሪካኑን አሳብጦ ሊያፈነዳው ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትም አያለዝብም። ቀድሞ የሚረጋው ውኃው ስለሆነ ሳይረጋ የሚቀዳው ፈሳሽ ከበፊቱ የጠነከረ ነው፤ በሙቀት ቀን ጠላ ፍሪዘር ውስጥ አስገብተው ግማሽ በረዶ ሲሆን የሚቀዱ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉት እወዳለሁ።

እንግዲህ ማቅጠን። ለክርስትና ድግስ፣ በቀትር፣ ሽማግሌም ወጣትም ለሚቀመጥበት ግብዣ 5 በመቶ ይበቃል። እኔ ብሆን 4 በመቶም አልጠላም። የሚጨመረው ነገር ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ደረጃቸውም እኩል አይደለም።

የመጀመሪያውና የተሻለው ቅራሪው ነው። ቅራሪ ከራሱ ድፍድፍ ስለሚወጣ ቀለሙን፣ ጌሾውን፣ ጢሱን፣ መኮምጠጡን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ሲቀላቀል ጠላው አይሰበርም። ዛሬ ማታ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ከ20 እስከ 25 ሊትር፣ ድፍድፉ ላይ ይጨምሩ፣ በንጹሕ መማሰያ አማስለው ይክደኑት፤ ክዳኑን ግን አጥብቀው አይዝጉት። ስኳር እንዳይጨምሩ አደራ። ዓርብ ያጥሉት። ድፍድፉ ውስጥ የቀረው ጠላም ሆነ በነዚህ ቀናት የሚፈላው አልኮል ስለሚኖረው ቅራሪውንም በዚያው ዘዴ ይለኩት። ሰው ቅራሪን እንደ ውኃ ይቆጥረዋል፤ ከጠንካራ ድፍድፍ የወጣ ቅራሪ ግን በቀላሉ 2 ወይም 3 በመቶ ይሆናል። 2 በመቶ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 8 እና 2 እኩል ሲቀላቀሉ 5 ይሆናሉ። 20 ሊትር ጠላና 20 ሊትር ቅራሪ 40 ሊትር የ5 በመቶ ጠላ ይሰጥዎታል። 3 በመቶ ከሆነ ግን ለ20 ሊትር ጠላ 30 ሊትር ቅራሪ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ላይወጣልዎት ስለሚችል የጎደለውን በሚቀጥለው ይሙሉ።

ሁለተኛው የተቆላ ገብስ ውኃ ነው። ገብሱን ጠቆር እስኪል ይቁሉት፣ እንዳያርር፤ ፈጭተው ወይም ከክተው ከእፍኝ ጌሾ ጋር በብዙ ውኃ ያፍሉት፣ ያቀዝቅዙት፣ ሌሊቱን አርግተው ከላይ ያለውን የጠራውን ብቻ በጨርቅ ያጥሉ። አልኮል የለውም፣ ቀለምና የቆሎ መዓዛ ግን አለው። ዝቃጩ እንዳይገባ ተጠንቀቁ የምለው ስታርች ስላለበት ነው፤ ጠላ ከተጠመቀ በኋላ በእሳት ስለማይፈላ ብቅሉ ያንን ስታርች እንደገና ወደ ስኳር ይለውጠዋል፣ መፍላቱም ይቀጥላል። ለዚህ ነው በገብስ ውኃ የቀጠነ ጠላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማለቅ ያለበት።

ሦስተኛው ባዶ ውኃ ነው። ከጠላው ሩብ እስከሚሆን ድረስ ይታገሠዋል፤ ከዚያ ካለፈ ሰውነቱ ይሳሳል፣ ምሬቱና መኮምጠጡም ይላላል። መኮምጠጡ ጣዕም ብቻ ሳይሆን ጠላውን ከመበላሸት የሚጠብቅ ነገርም ስለሆነ ውኃ የበዛበት ጠላ ቶሎ ይበላሻል። ስሌቱ ለውኃውም ለገብስ ውኃውም አንድ ነው፦ ካለው ጥንካሬ የሚፈልጉትን ይቀንሱ፣ በጠላው ሊትር ያባዙ፣ ለሚፈልጉት ጥንካሬ ያካፍሉ። 20 ሊትር የ8 በመቶ ጠላ ወደ 5 ለማውረድ 3 በ20 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል 12 ሊትር ይመጣል።

ጠቅላላውን ከመደባለቅዎ በፊት በብርጭቆ ይሞክሩት። 5 ማንኪያ ጠላና 3 ማንኪያ የገብስ ውኃ አንድ ብርጭቆ ላይ፣ እኩል ጠላና ቅራሪ ሌላው ላይ አድርገው ጎን ለጎን ይቅመሱ፤ ጠላ አዋቂ የሆነ ሰውም ያስቀምሱ። አንዴ የተደባለቀ ተመልሶ አይለይም።

ሲቀጥን ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው የጢስ መዓዛው ነው። ስለዚህ ጋንዎን አሁን ያውጡት። በግራዋ አጥበው በወይራ በደንብ ያጥኑት፤ ቅዳሜ ማታ ድብልቁን እዚያ ውስጥ ያድርጉት። ጋኑ ጢሱን ይመልስለታል፣ ያቀዘቅዘዋልም። ቅራሪው ገና እየፈላ የነበረ ከሆነ ሲያድር ትንሽ ጋዝ ይፈጥራል፤ በመገልበጥ የጠፋውን አረፋ እሑድ ጠዋት መልሰው ያገኙታል።

ስለ ውኃው አንድ ነገር ካልነገርኩ ምላሼ ጎደሎ ይሆናል፣ ምክንያቱም የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካሸተተ ከጌሾው ጋር ሲገናኝ የመድኃኒት ሽታ ያመጣል፤ ማፍላት ወይም ክፍቱን ማሳደር ይህን ያስወግዳል። የጉድጓድ ውኃ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በወንጂና በአካባቢው ያሉ የጉድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድ እንደሚበዛባቸው የታወቀ ነው፤ በልጆች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የዚሁ ምልክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይጠራቀማል። ለጠላም ለቅራሪም የተጣራ የቧንቧ ውኃ ይጠቀሙ።

አሁን ስለ እንግዶችዎ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ዋንጫ የ8 በመቶ ጠላ 32 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር የ5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ በአንድ ዋንጫ የጠጡት ሁለት ቢራ ተኩል ያህል ነው፤ ሁለት ዋንጫ ከሆነ አምስት። የሰው ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ስለሆነ የአንዱ ዋንጫ ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ይህን አያፋጥነውም። ከቀጠነ በኋላም ቢሆን ግማሽ ሊትሩ ከአንድ ቢራ ተኩል አያንስም፤ በትናንሽ ብርጭቆ ይቅዱ፣ ምግቡ ቀድሞ ይቅረብ፣ በየገበታው ውኃ ይኑር። ቀጂዎቹ የሚቀዱት ምን እንደሆነ ይወቁ፤ «ጠላ ነው፣ ምንም አይል» እያሉ ሽማግሌን ማስገደድ ይቅር።

ከሁሉም በላይ የማስብልዎ ለእናቲቱ ነው። ክርስትናው ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ስለሆነ ሕፃኑ ገና ከጡት በቀር ሌላ ምግብ የለውም። አልኮል በእናት ደም ውስጥ ባለበት መጠን ወደ ወተቱ ይገባል። «ወተት ያመጣል» ተብሎ ለአራስ ጠላ የሚሰጥበት ልማድ አለ፤ እባክዎ በዚህ ጠላ አይሞክሩት። ለእርሷም፣ ነፍሰ ጡር ለሆኑትም፣ ለልጆችም ቀሪቦ ወይም አብሽ ያዘጋጁ። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ አይጠጣ። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ነድቶ የሚመጣ ዘመድ ካለዎትና በዚያው ቀን የሚመለስ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ አድሮ የሚሄድ ከሆነ ይጠጣ፣ ካልሆነ ቀሪቦው ለእርሱም ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ብዙ አልልም። ብቅሉን ወደለመዱት መጠን ይመልሱት፣ ስኳሩን ይተዉት፣ ጥንስሱ ከዘገየ ከቀደመ ጥሩ ጠላ የተረፈ ጥቂት አተላ ጣል ያድርጉበት፤ እርሾው እዚያ አለ። በርሜል ካልቀረ ደግሞ ከጣሪያው ርቆ መሬት ላይ፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

የሚተርፍዎትን 20 ሊትር ሳያቀጥኑ ያቆዩት። ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተው፣ ክዳኑን በየቀኑ ላላ እያደረጉ ጋዙን ያስወጡ፤ ጥንካሬው ራሱ ስለሚጠብቀው ከቀጠነው ይልቅ ይቆያል፣ ለሚቀጥለው ማኅበር በዚያው ስሌት ያቀጥኑታል። ጀሪካኑ ላይ «ያልቀጠነ» ብለው ይጻፉበት፤ ድግስ ቤት ውስጥ ዕቃ ይምታታል። አተላውን ለላም የሚሰጡ ከሆነ ቅራሪው ከወጣ በኋላ ይሁን፣ እሱንም በትንሽ በትንሹ ከገለባ ጋር ቀላቅለው፤ ከጠንካራ ድፍድፍ የወጣ አተላ አልኮል ይዞ ስለሚቀር ላሚቱን ያንገዳግዳታል።